መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ እንቅልፍ ነው

ደሴ ውስጥ የሥነ ልቦና አማካሪ ሆኜ ነው የምሠራው። የሰሜኑን ጦርነት ያሳለፈ ሰው ወደ እኔ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ገና ሳይቀመጥ «ከየት ልጀምርልሽ?» ይለኛል። የደረሰበትን ሁሉ አንድ በአንድ እንዲተርክልኝ የምጠብቅ ይመስለዋል። እኔ ግን «ለመሆኑ ሌሊት እንቅልፍ ይወስድዎታል?» ብዬ ነው የምጀምረው። ከዚያ ስለ ምግብ እጠይቃለሁ። ቀኑ እንዴት እንደሚመሽ፣ ቡና ከማን ጋር እንደሚጠጡ እጠይቃለሁ። ታሪኩ ይቆየን።

እንዲህ የማደርገው በምክንያት ነው። ወልዲያ በነሐሴ 2013፣ ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ተያዙ። ቆቦማ ገና ሳታገግም በነሐሴ 2014 ዳግም ተያዘች። ከዚያ በኋላ የመጣው ጠያቂ ብዙ ነው። ደብተር የያዘ አለ፣ መቅረጸ ድምፅ የያዘ አለ፣ አብዛኛው በቅን ልቦና የመጣ ነው። ግን ጠያቂው ጽፎ ሲጨርስ መኪናው ውስጥ ገብቶ ይሄዳል፤ የተናገረው ሰው ደግሞ የተቀሰቀሰበትን ሁሉ ይዞ ሌሊቱን ብቻውን ያድራል። ይሄ ያንገበግበኛል።

የኔ ፈሊጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሦስት ነገር ይላል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ሰውየውን ከሚያስፈልገው እርዳታ ጋር ማገናኘት። ማዳመጥ ሲል፣ ሰውየው ማውራት ከፈለገ ነው። ስሜቱንና የደረሰበትን እንዲናገር መጫን የለብንም ይላል።

አንዲት እናት ነበሩ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀያይሬያለሁ።) ጫማቸውን ሳያወልቁ ነው የሚተኙት፤ በሩ አጠገብ፣ መታወቂያቸውንና ትንሽ ብር በጨርቅ ቋጥረው ወገባቸው ላይ አስረው። የጎረቤት ቆርቆሮ በር ጓ ካለ ብድግ ነው። ልጆቻቸው «እማዬ፣ አለቀ እኮ» ይሏቸዋል። ማለቁንማ እሳቸውም ያውቃሉ። ያላመነው ሰውነታቸው ነው።

ጫማውን ያውልቁ አላልኳቸውም። ያ ጫማ በዚያን ሰሞን ልጆቻቸውን ይዘው የሮጡበት ነው። ይልቅ ትንፋሽ ተለማመድን፤ ወደ ውስጥ ቀስ ብሎ፣ ወደ ውጭ ደግሞ ረዘም አድርጎ፣ ምክንያቱም ወደ ውጭ የምናስወጣው ትንፋሽ ሲረዝም የልብ ምት ረገብ ይላል። ሌሊት ደንግጠው ሲነቁ እግራቸውን መሬት ላይ አድርገው የት እንዳሉ፣ ዕለቱ ምን እንደሆነ፣ አጠገባቸው ማን እንደተኛ ድምፅ አውጥተው እንዲናገሩ ተስማማን። ቆይቶ ጫማው ወልቆ አልጋ ሥር ተቀመጠ፣ እጅ በሚደርስበት። ስለዚያ ቀን የነገሩኝ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ሳልጠይቃቸው። አለቀሱ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው ስለ ልጃቸው ሠርግ አወሩኝ።

«አንቺ ተምረሻል፣ ምን ላድርግ?» የሚሉኝም አሉ። ወሎ ውስጥ ምክር የሚሰጥ ሰው አልጠፋም፤ ሼሁ አሉ፣ የንስሐ አባት አሉ፣ ሽማግሌው አለ፣ ጎረቤቱም አይሰንፍም። የጠፋው ሳይፈርድና ሳያቋርጥ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚሰማ ሰው ነው። ካርል ሮጀርስ የሚባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1957 እንደጻፈው፣ ሰው እንዲለወጥ ከሚያስፈልጉት ነገሮች ዋናዎቹ የአማካሪው እውነተኛነት፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበልና የሰውየውን ስሜት ከልብ መረዳት ናቸው። ሲነገር ቀላል ነው። ሲሠራ ግን ከባድ ነው፤ ዝም ብሎ መስማት ያደክማል።

ደሴ ላይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከተማዋ ጠባብ ናት፣ ፒያሳ ወጥተህ የማታውቀው ሰው አይገጥምህም። ሰላምታ መንፈግ ደግሞ እኛ ዘንድ ንቀት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን «መንገድ ላይ ብንገናኝ ቀድሜ ሰላም አልልዎትም፤ ሰላም ካሉኝ ግን በደስታ ነው» ብዬ እነግራለሁ። ከየት እንደምንተዋወቅ አጠገባቸው ያለ ሰው ከጠየቀ መልሱ የእነሱ ነው።

ፀበል ለሚሄደው ሂድ እላለሁ። ወዳጃ ላይ፣ ማለትም በወሎ የጋራ ጸሎት ላይ፣ ተቀምጣ ዱዓ የምታደርገውንም እንደዚያው። የቅሬው (የእድሩ) ሰው፣ ቡናው፣ ጸሎቱ ብዙ ሰው ደግፎ አቁሟል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር በድንገት አያቋርጥ። ሕመሙ ብሶ ሊመለስበት ይችላል።

ስለ ማደግም ይጠይቁኛል። ከመከራ በኋላ ራሱን አጠንክሮ፣ ዝምድናውን አጥብቆ፣ ለሕይወት ሌላ ዋጋ ሰጥቶ የሚነሳ ሰው አለ። ግን ሐዘኑም አብሮት ይኖራል፤ አንዱ ሌላውን አያስወጣም። ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው «መከራ ያጠነክራል» አልልም። እናንተም ባትሉት ደስ ይለኛል። ማደጉን ካየው ራሱ ይንገረን።

ቤተሰብ ለሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የምትወዱት ሰው «መኖር ሰለቸኝ» ማለት ካበዛ፣ ንብረቱን ማከፋፈል ከጀመረ፣ ወይ ዘመድ እየዞረ የመሰናበት ያህል ከተናገረ፣ «አብሽር፣ ያልፋል» ብላችሁ አትለፉት። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ያላሰበውን ሐሳብ አይጨምርበትም፤ ብዙውን ጊዜ እንዲያውም ይቀለዋል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት። የፀረ ተባይ መርዝም ሆነ ሌላ ራሱን ሊጎዳበት የሚችል ነገር ከእጁ አርቁ። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ።