ዲያቆኑና ባለርስቷ፦ የ1880ዎቹን አፍቃሪዎች ከምን እንጀምራቸው?

የታሪካዊ ፍቅር ልብወለድ ረቂቅ ሲታመም ምልክቱ ቶሎ ይታያል። ሰዎቹ ኩታ ደርበዋል፣ በበቅሎ ይሄዳሉ፣ ለጌታ እጅ ይነሳሉ፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ትናንት ማታ ካፌ ተቀምጠው የነበሩ ጥንዶች ይመስላሉ። ጸሐፊው ይህን ሲያይ ልብስ ያበዛል፤ ካባ፣ ለምድና ጋሻ ይጨምራል። ሕመሙ ግን እዚያው ነው። ሰዎቹ ምን እንደሚከለክላቸው ሳይወሰን እንዲዋደዱ ተደርገዋል።

እዚህ ለምሳሌ የምንይዘው ገና እየተጻፈ ያለ፣ ከ1880 እስከ 1888 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ የሚካሄድ ታሪክ ነው። እሱ ከጎንደር የመጣ ዲያቆን ነው። እሷ አንድ ጊዜ አግብታ የፈታች ባለርስት ናት። ስም ገና አላወጣንላቸውም፤ ስም የሚመጣው ኋላ ነው።

መጀመሪያ የሚጻፈው የዓይኗ ቀለም ወይም የእሱ ጀግንነት ሳይሆን የእያንዳንዳቸው የጋብቻ ሁኔታ ነው። በደገኛው ክርስቲያን ዘንድ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ነበረ። ሰማንያ በሽማግሌ፣ በዋስና በመሐላ የሚታሰር ውል ነው፤ ይፈርሳል፣ ሲፈርስም ንብረት ይካፈላሉ። ቁርባን በሥጋ ወደሙ የሚጸና ነው፤ አይፈታም፤ ስለዚህ ከካህናት በቀር አብዛኛው ሰው የሚቆርበው ዕድሜው ከገፋ በኋላ ነበር። ደሞዝ ደግሞ ክፍያው ተቆርጦ ለተወሰነ ጊዜ የሚገባ ነው። ጸሐፊ እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ካላወቀ በቀር የሚጽፈው ሠርግ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ መለያየቱም ሁሉ ያለ ምክንያት የሰማይ ያህል ይከብዳል።

አሁን ሁለቱን ሰዎች በዚህ ሕግ ውስጥ እናስገባቸው። ዲያቆን ቄስ ለመሆን ከፈለገ ቅስናውን ከመቀበሉ በፊት ድንግል አግብቶ መቁረብ አለበት። ከቅስና በኋላ ማግባት የለም፤ ሚስቱ ብትሞት እንኳ ሌላ ካገባ ክህነቱ ይፈርሳል። እንግዲህ ይህ ሰው የወደዳት ሴት አግብታ የፈታች ናት። ሁለቱንም ማግኘት አይችልም። ክፉ ባላባት፣ ቀናተኛ ወንድም፣ የተሰረቀ ደብዳቤ አያስፈልግም፤ ግጭቱ ከሰዎቹ ማንነት በራሱ ወጥቷል። አንባቢም የትኛውን ቢመርጥ ሊፈርድበት አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ይመጣል፤ ኪሳራውን ማጋነን። ክህነቱ ቢፈርስ ሰውየው ለማኝ አይሆንም። ቅኔና ዜማ የተማረ ሰው ደብተራ ሆኖ ማኅሌት ይቆማል፣ ያስተምራል፣ ይጽፋል፣ ይከበራል። የሚያጣው አንድ ነገር ነው፤ መቅደስ መግባት። ታዲያ ጸሐፊው ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ይህ ሰው መቅደስ መግባትን ለምን ይህን ያህል እንደፈለገ ነው። ለእናቱ የተሳለ ስለት ነው? ወይስ በ1880 ጥር ላይ የሱዳኑ ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ዓይኑ እያየ የነደደ ደብር አለ? የገጸ ባሕርይው ጠባይ የሚወለደው ከዚህ መልስ ነው። «ትሑትና ቆራጥ» ብሎ በዝርዝር መጻፍ ምንም አያስገኝም።

በእሷ በኩል ያለው ስህተት ተቃራኒው ነው፤ የፈታች ሴት የተዋረደች ተደርጋ ትሳላለች። እቴጌ ጣይቱ አፄ ምኒልክን በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ፣ አንኮበር መድኃኔ ዓለም ቆርበው ሲያገቡ ከዚያ በፊት ከአንድ በላይ ባል አግብተው የፈቱ ሴት ነበሩ። ርስት ከአባትም ከእናትም ይወረሳል፤ ሴት ልጅም ድርሻ አላት። ስትፈታ ከብቷን ቆጥራ ትወጣለች፤ ካልሰጧት ትሟገታለች። ስለዚህ ባለርስቷ «ነጻነቴን እፈልጋለሁ» እያለች በየገጹ እንድትጮህ ማድረግ አያስፈልግም። ስንት በሬ እንዳላት፣ ድንበሯን የሚገፋት የአጎቷ ልጅ ማን እንደሆነ፣ ማሳዋን ማን እንደሚያርስላት ጻፉ። ሴት በሬዋን ትጠምዳለች ማለት አይደለም፤ አራሽ ወንድ ያስፈልጋታል፤ ሌላ ባል አግቢ የሚሏት ዘመዶቿ የሚይዙት ክርክርም ይኸው ነው። ፍቅሯ በዚህ ግፊት መሐል ሲገባ ክብደት ያገኛል።

ቀጥሎ ዕድሜ። አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ክፈሉ፤ ዓመት፣ የእሱ ዕድሜ፣ የእሷ ዕድሜ። እሱ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በሞቱበት በ1860 ተወለደ እንበል፤ እሷ አፄ ዮሐንስ በነገሡበት በ1864። ጎንደር ስትቃጠል እሱ 20፣ እሷ 16። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በወደቁበት በ1881 እሱ 21፣ እሷ 17። ክፉ ቀን የተባለው የረሃብ ዘመን እስከ 1884 ድረስ ሲዘልቅ እሷ ሃያ ትሞላለች። ዓድዋ ላይ እሱ 28፣ እሷ 24። ሥራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ወዲያው የሚነግረን አለ። የመጀመሪያ ትዳሯ የፈረሰው በክፉ ቀን መሐል ነው። የከብት በሽታው በሬውን ሲጨርሰው ማሳው ጾም አደረ፣ ቤት ተበተነ። ስለዚህ ባሏን የፈታችው ጨካኝ ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ የሚጠመድ በሬ ጠፍቶ፣ ጎተራው ባዶ ሆኖ፣ ሁለቱም ወደየዘመዳቸው ሄደው ይሆናል። እንዲህ ያለ መለያየት ጥላቻ አይተውም፤ የቀድሞው ባል ምዕራፍ 12 ላይ ተመልሶ ቢመጣ ታሪኩን በጣም ያከብደዋል።

አንድ ማሳሰቢያ፤ ሰንጠረዡ ለጸሐፊው ነው። ገጸ ባሕርይዋ «ሃያ ዓመቴ ነው» አትልም። «ዮሐንስ በነገሡ ጊዜ» ወይም «ከብቱ ባለቀበት ዓመት» ትላለች።

ስለ አነጋገር ስናወራ ቃል ከማስረጀት በፊት የሚመጣ ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ሰው መናገርን የት ተማረ? ዲያቆኑ ቅኔ ቤት ነው ያደገው። ሰም አስቀድሞ ወርቁን መደበቅ ልማዱ ነው፤ የሚፈልገውን ፊት ለፊት አይናገርም። እሷ ግን የተማረችው ከሙግት ነው። በበልሃ ልበልሃ ዳኛ ፊት ቆማ ስለ በሬዋ ተከራክራለች፤ ዋስ ትጠራለች፣ ምስክር ትቆጥራለች፣ ተቃራኒዋን በገዛ ቃሉ ታስራለች። እንግዲህ ሁለቱን ምንጭ ዳር አገናኟቸው። እሱ ስለ ውሃው ጥራት አንድ ነገር ይላል፤ ስለ ውሃው እንዳልሆነ ታውቃለች። «ያሉትን በዋስ ይላሉ?» ትለዋለች። ሁለት ሰዎች በሁለት ትምህርት ቤት ቋንቋ ሲሽኮረመሙ ስማቸውን ባይጽፉት እንኳ ማን እንደተናገረ ይለያል። ረቂቁን ለመፈተን የተናጋሪዎቹን ስም አጥፍቶ ለሌላ ሰው ማስነበብ ይበቃል፤ ሰውየው ግራ ከተጋባ ድምፃቸው ገና አልተለየም ማለት ነው።

አማርኛ ለፍቅር ጸሐፊ የሰጠው ትልቅ መሣሪያ ተውላጠ ስም ነው፤ ብዙዎች ግን ያባክኑታል። አንቱ፣ አንተ፣ እርስዎ፣ አንቺ። ባለርስቷ ለዲያቆኑ መጀመሪያ ላይ አንቱ ትላለች፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። እሱም የተከበረች ባለርስት ስለሆነች አንቱ ይላታል። እንግዲህ ማን ቀድሞ ወደ አንተና አንቺ ይሻገራል? የት? ማን እየሰማ? ይህ መሻገር ከመሳሳም ይልቅ ይከብዳል፤ በልብወለዱ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን፤ በዋዛ አይለፍ። ከዚያ በኋላ ሰው ፊት ሲሆኑ ተመልሰው አንቱ መባባላቸው ራሱ ምስጢራቸው ይሆናል። በተጣሉ ቀን ብቻቸውን ሳሉ «አንቱ» ብትለው ደግሞ ከጥፊ አይተናነስም። የረቂቁን ገጾች በእርሳስ ይዞ እያንዳንዱን ተውላጠ ስም ማስመር ይጠቅማል፤ በአብዛኛው ረቂቅ ላይ ጸሐፊው ሳያስበው ሦስት አራት ጊዜ ተዘባርቆ ይገኛል።

ትርጉማቸው የተለወጡ ቃላትም አሉ። ጋለሞታ ያን ጊዜ ባል የሌላትን ሴት፣ የፈታችውንም የሞተባትንም ይገልጽ ነበር፤ ዛሬ ስድብ ነው። ወይዘሮ የመኳንንት ሴት ማዕረግ እንጂ ያገባች ሴት ሁሉ መጠሪያ አልነበረም፤ ስለዚህ ባለርስቷን ወይዘሮ ያላት ሰው ወይ እያቆላመጣት ነው ወይ እያሾፈባት። ጨዋም የዘር ቃል ነበር። እነዚህን በግርጌ ማስታወሻ ከማብራራት ይልቅ ንግግሩ ራሱ እንዲገልጣቸው ማድረግ ይሻላል።

ስም አሁን ይምጣ። እያንዳንዱ ክርስቲያን ሁለት አለው፤ ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ የምትቀበለው የክርስትና ስምና ቤተሰብ የሚጠራበት የዓለም ስም። የክርስትናው በየሜዳው አይነገርም፤ ስለዚህ «ወለተ ማን ልበልሽ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ነው፤ መንገርም እንዲሁ። ለዓለም ስሙ ከዘመኑ መዝገብ መቅዳት ነው፤ ተዋበች፣ ጥሩወርቅ፣ ዘውዲቱ፣ ባፈና የመሳሰሉት በታሪክ ተመዝግበው የሚገኙ ናቸው። ኤደንና ሜሮን የኋላ ዘመን ጠረን አላቸው። ሴት ስታገባ ስሟን እንደማትለውጥም አይዘንጋ።

ዕቃና ቀን ላይ ጸሐፊ በቀላሉ ይጠመዳል። በ1882 እንጦጦ ላይ በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ ጥንዶች ገና ያልገባ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። በዚያው ዓመት የሚሰጣት ብር የማርያ ቴሬዛው ነው፤ 1780 የሚለው ቁጥር ያለበት። የምኒልክ ብር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለጎንደሩ ዲያቆን ልጅነት የቡና ሥርዓት ትዕይንት ማስገባትም አደጋ አለው፤ ቡና በደገኛው ካህን ቤት ለረጅም ጊዜ የሚነቀፍ ነገር ነበር፤ በክርስቲያኑ ዘንድ የተስፋፋው በምኒልክ ዘመን ነው። እንዲያውም ሸዋ መጥቶ እሷ ቤት የመጀመሪያውን ስኒ ሲቀበል እጁ ቢያመነታ፣ ስህተት ሊሆን የነበረው ነገር ጠባይ ማሳያ ይሆናል። በሌላ በኩል ለመደበቅ ወይም እንግዳ ላለመቀበል ምክንያት ለሚያስፈልጋት ሴት የሆድ ትል ማስወጫው ኮሶ አለላት። «ኮሶ ጠጥታለች» ከተባለ ማንም አይገባባትም። ብዙ ሰው በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጣ ስለነበር ማንም አይጠረጥርም። ለፍቅር ታሪክ እንደ ኮሶ የሚያስቅ ሽፋን ማግኘት ይከብዳል።

የቀን ስሌቱ ግን ቀልድ አይደለም። በጾም ሠርግ የለም፤ ባልና ሚስትም ይታቀባሉ። ስለዚህ ታሪኩ የሚያልፍባቸውን ዓመታት ዐቢይ ጾም በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ማውጣት ግድ ነው። ለ1888 እንሞክረው። 5500 ሲደመርበት 7388 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል የሚተርፈው 16 ነው፤ አንድ ሲቀነስ 15 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 15 መጥቅዕ ይባላል። ከ14 ስለሚበልጥ መስከረም 15 ላይ ይውላል፤ ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ተውሳኩ (ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 4። 15 እና 4 ሲደመሩ 19፤ ጾመ ነነዌ ጥር 19፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 3፣ ትንሣኤ መጋቢት 28። ስለዚህ ዓድዋ፣ የካቲት 23 እሑድ፣ በጾም ውስጥ ነው። ዘማቹ ከመዝመቱ በፊት ጥድፊያ ሠርግ እንዲደገስለት የፈለገ ጸሐፊ ቀኑን ጥቅምት ላይ ማድረግ ይችላል፤ የክተት አዋጁ መስከረም ላይ ወጥቷል፣ ንጉሡም ከአዲስ አበባ የተነሡት ጥቅምት ላይ ነው። የካቲት 10 ላይ ካደረገው ግን የሚያውቅ አንባቢ መጽሐፉን ይዘጋዋል። የጥምቀትን ሎሚ መወርወር በተመለከተ፣ ቀኑ ልክ ቢሆንም ለሌላ ደራሲ ብንተውለት ይሻላል፤ በጣም ተወርውሯል።

የዙሪያ ሰዎች የሚፈጠሩት ሁለቱ ብቻቸውን ሊያደርጉት ከማይችሉት ነገር ነው። ዲያቆኑ ከዘመቻ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ቀለምና ብራና አያጣም። እሷ ግን ፊደል አልቆጠረችም። በቀዬዋ ማንበብ የሚችለው ማነው? ብዙ ጊዜ የነፍስ አባቷ ናቸው። የፍቅር ቃሉ ጮክ ብሎ የሚነበበው እንግዲህ ንስሐዋን በሚቀበሉት ቄስ አፍ ነው፤ ያ ዲያቆን ክህነቱን እንዳያፈርስ የሚፈልጉትም እሳቸው ናቸው። ሁሉን ያነቡላታል? ወይስ አንድ መስመር ይዘላሉ? እኚህን ቄስ ክፉ ማድረግ ትዕይንቱን ይገድለዋል፤ ለሁለቱም ነፍስ ከልብ የሚጨነቁ ቢሆኑ ግን የዘለሏት መስመር ሦስት ምዕራፍ ትሸከማለች።

ደብዳቤውን ከቤተ ክርስቲያን ይዛ የምትመጣውስ? በዚያ ዘመን በባለርስት ቤት ውሃ የምትቀዳ፣ የምትፈጭ፣ መልእክት የምታደርስ ልጅ ብዙ ጊዜ በባርነት የመጣች ናት። የፍቅር ልብወለዶች እሷን «ታማኝ አገልጋይ» ብለው ያልፏታል። ወረቀት ክፈቱላት፤ ከየት መጣች፣ የእናቷ ቋንቋ ምንድን ነው፣ እመቤቷ ዲያቆኑን ብታገባ እሷ የማን ንብረት ትሆናለች፤ ንብረት ሲቆጠር እሷም ትቆጠራለች። ይህን የምታውቅ ልጅ ደብዳቤውን ከማድረሷ በፊት ምንጩ ዳር ተቀምጣ ትንሽ ብታስብ፣ አንባቢ ደብዳቤው ይደርሳል ወይስ አይደርስም ብሎ በእውነት ይጠብቃል።