ውሃ የሚጠጣው ኦፓል፦ እስካሁን የተማርኩት

የከበሩ ድንጋዮችን መማር ስጀምር ሁሉንም በተራ ለማዳረስ ነበር ሐሳቤ። የወሎ ኦፓል ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። አሁንም እዚያው ነኝ። እንደ እኔ ለጀማሪዎች ይጠቅም እንደሆነ እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ።

ከቀለሙ ልጀምር። ኦፓል ሲሊካና ውሃ ነው፤ ያ ሁሉ ቀይና አረንጓዴ በቀለምነት ውስጡ የለም። ሲሊካው በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ኳሶች ሆኖ ተደርድሯል። ኳሶቹ እኩል ሆነው በሥርዓት ከተደረደሩ፣ በመካከላቸው የሚያልፈው ብርሃን ይበተንና በየማዕዘኑ ሌላ ቀለም ይወጣል። ስፋታቸው ወደ 150 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) የሚጠጉት ሐምራዊና ሰማያዊ ይሰጣሉ። ቀይ የሚወጣው ኳሶቹ ወደ 300 ሲጠጉ ነው። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ድንጋዩን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ካዩት በኋላ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ጥሬ ድንጋይ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ቀዩን ነው። ቀይ ያለው ሲዞር ሌሎቹንም ያሳያል። ሰማያዊ ብቻ ያለው ምንም ቢያዞሩት ቀይ አይወጣውም።

የወሎው ኦፓል ደላንታ ውስጥ፣ ወገል ጤና አካባቢ ይወጣል። ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ስሙ የሚነሳው የሰሜን ሸዋው፣ የመንዙ ቡናማ ኦፓል ነበር። ኦፓል ያለበት የደላንታ ድንጋይ ንጣፍ ከአንድ ሜትር ያነሰ ውፍረት ያለው ሲሆን የሚገኘውም ገደል ላይ ነው። ቆፋሪዎቹ ገደሉን ወደ ጎን እየሰረሰሩ ይገባሉ። እኛ ጠረጴዛ ላይ የምናየው ነገር እንዲህ ባለ አደገኛ ሥራ የመጣ መሆኑ ባይረሳ ደስ ይለኛል።

ከሁሉም በላይ የማረከኝ የውሃው ነገር ነው። አብዛኛው የወሎ ኦፓል እንደ ስፖንጅ ውሃ ይመጣል። ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ክብደቱ ይጨምራል፣ እንደ መስታወት ጥርት ይላል፣ ብልጭታውም ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ብልጭታው የሚመጣው በኳሶቹና በመካከላቸው ባለው ባዶ ቦታ ልዩነት ነው። ክፍተቱን ውሃ ሲሞላው ብርሃኑ ልዩነቱን እምብዛም አያገኘውም። ታዲያ መደንገጥ አያስፈልግም። ቀስ ብሎ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። በፀጉር ማድረቂያ ወይም በፀሐይ ማጣደፍ ግን ክልክል ነው፤ ይሰነጠቃል። ዘይት፣ ሽቶና ሳሙናም አታስነኩት። እነሱም ይሰርጉበታል፣ እንደ ውሃም ተንነው አይሄዱም።

አፈ ታሪኩን ሳነብ ይኸው የውሃ ነገር እንደገና መጣ። የጥንቱ የሮማ ጸሐፊ ፕሊኒ ስለ ኦፓል በአድናቆት ነው የጻፈው። ኖኒየስ የሚባል ሴናተር ኦፓሉን ለሮማው የጦር መሪ ለማርክ አንቶኒ ከሚሰጥ ስደትን መርጧል ይላል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ደግሞ የያዘውን ሰው ከዓይን ይሰውራል ተብሎ የሌቦች ድንጋይ እስከ መባል ደርሷል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1829 ብሪታኒያ ውስጥ አንድ ልብ ወለድ ወጣ። በታሪኩ የአንዲት ሴት ኦፓል ላይ የጸበል ጠብታ ሲያርፍ ቀለሙ ይጠፋል፣ ሴትየዋም ትሞታለች። ኦፓል ገደ ቢስ ነው የሚለው ወሬ በአውሮፓ የተስፋፋው በዋናነት ከዚህ በኋላ ነው ይባላል። ንግሥት ቪክቶሪያ ግን ወሬውን ከቁብ አልቆጠረችውም፤ ለልጆቿ ኦፓል ትሰጥ ነበር። ውሃ ሲነካው ቀለሙ የሚጠፋ ኦፓል መኖሩ እውነት ነው። ሞቱ ግን ፈጠራ ነው።

አሁን እየተለማመድኩ ያለሁት ጥቁር የወሎ ኦፓልን መለየት ነው። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ጥቁር በጭስ ወይም በስኳርና በአሲድ የጠቆረ ነው። ውሃ የሚመጥ ድንጋይ ጭሱንም ይቀበላል። በማጉያ መነጽር ስንጥቆቹንና ትንንሽ ጉድጓዶቹን እዩ፤ ጥቁረቱ እዚያ ከተጠራቀመ ሰው የነካው ነው። ማጥቆሩ በራሱ ነውር አይደለም፣ ሻጩ እስከተናገረ ድረስ።