ውሻዬ የት ድረስ ይከተለኝ?

አዲስ አበባ ዳር ዳሩን ውሻ የሚያሳድግ ሰው በዝቷል። የካ አባዶም ይሁን ቱሉ ዲምቱ፣ አራብሳም ይሁን ኮዬ ፈጬ፣ ማለዳ ላይ ውሻውን በገመድ ይዞ ኮብልስቶኑን የሚወርድ ሰው አይታጣም። የአባቶቻችን ውሻ ቀን ታስሮ ይውልና ሲመሽ ይፈታ ነበር፤ ሥራው ጅብና ሌባ ሲመጣ መጮህ ነው። የዛሬው ከባለቤቱ ጋር ሱቅ ይሄዳል፣ ካፌ በረንዳ ላይ ይተኛል፣ ፎቅ ይወጣል ይወርዳል። ውሻ እወዳለሁ፤ ስለምወድም ይህን ነገር በግልጽ ማውራት ያለብን ይመስለኛል።

ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከንጽሕና ነው፤ ውሻ ንጹሕ ነው፣ አይደለም እየተባለ። እኔ ግን ቦታውን የምለካው በአንድ ነገር ነው፦ ውሻ የማይፈልግ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ዞር ማለት ይችላል? ሜዳ ላይ ይችላል። ሰፊ በረንዳ ያለው ካፌ ላይ ወንበሩን አንስቶ ራቅ ሊል ይችላል። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማይቆምበት ሱቅ ውስጥ፣ ሚኒባስ ውስጥ ግን መሸሻ የለም። መሸሻ የሌለበት ቦታ ውሻ ይዞ የሚገባ ሰው ለሌሎቹም ሳይጠይቅ ወስኖላቸዋል።

የሚፈራውን ሰው "አይነክስም፣ አትፍራ" ብሎ ለማረጋጋት መሞከርም ትክክል አይመስለኝም። ፍርሃቱ መሠረት አለው። አገራችን የእብድ ውሻ በሽታ አሁንም ሰው የሚገድልባት አገር ናት። በዓለም ላይ በሰው ከሚከሰተው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ዳር ሰፈር ደግሞ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በየቆሻሻው ገንዳ ይሰበሰባሉ፣ ሌሊት ከጅብ ጋር ይናከሳሉ፤ ጅብም በሽታው ይይዘዋል፣ ያስተላልፋልም። አንዲት እናት የታጠበ፣ የተበጠረ ፑድል አይታ ልጇን ወደ ኋላዋ ብትስብ ውሻው መከተቡን በምን ታውቃለች?

ሱቅን በተመለከተ የእኛ ሰፈር ሱቅ ራሱ መልስ ይሰጣል። አብዛኛው በመስኮት ወይም በባንኮኒ ነው የሚሸጠው፤ ደንበኛው ደጅ ቆሞ ጠይቆ፣ ከፍሎ፣ ተቀብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ከመስኮቱ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ከፊት ያለው ሰው እስኪጨርስ ጠብቆ መገብየት ይቻላል፤ ውሻው መግባት አያስፈልገውም። ሚኒ ማርኬት ሲሆን ነው ችግሩ። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ሩዙ አፉ በተጠቀለለ ማዳበሪያ ወለል ላይ ይደረደራል። ጀርመን ሼፐርድ ትከሻው ድረስ ከ55 እስከ 65 ሳንቲሜትር ይቆማል፤ አፍንጫው ልክ ከማዳበሪያው አፍ ጋር ይገጥማል ማለት ነው። ሊበላ ባይፈልግ እንኳ ያሸታል፣ ሲያሸትም አፍንጫው እርጥብ ነው። ወንድ ውሻ ደግሞ ቤቱ ሸንቶ ቢወጣም የቆመ ነገር ሲያገኝ እግሩን ያነሳል፤ ሽታውን ለማስቀመጥ እንጂ ሽንት ይዞት አይደለም። ጄሪካን፣ የከሰል ጆንያ፣ የለስላሳ ሳጥን ሁሉም ለእሱ ምልክት ማድረጊያ ነው። ከዚህ በፊት ሌላ ውሻ ሸንቶበት ከሆነማ ማስቆም ከባድ ነው።

ጉልት ከሱቅ ይብሳል፤ ስለ ጉልት ደግሞ የሚያወራ ሰው አላይም። ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ ቃሪያው መሬት ላይ በተነጠፈ ማዳበሪያ ላይ በመደብ በመደብ ተቀምጧል። ባለጉልቷ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ስለተቀመጠች ፊቷና የውሻው ፊት እኩል ነው። ገመዱ ሁለት ሜትር ከሆነ ባለቤቱ ዞር ብሎ ስልኩን እስኪያይ ድረስ ውሻው መደቡ ላይ ደርሷል። የላሰውን ወይም የረገጠውን ቲማቲም ሰው እያየ አይገዛትም፤ ትርፏ ደግሞ ያቺው መደብ ናት። በጉልት ተራ ማለፍ ግድ ከሆነ ውሻው ከመደቦቹ በተቃራኒ ጎን ይሁን፣ ገመዱም ክንድ እስኪያህል ይጠር። ውሻው ከነካ ግን ክርክር ሳያስፈልግ ያን መደብ ሙሉውን ከፍሎ መሄድ ነው።

ሥጋ ቤት በር ላይ እንኳ መቆም አይገባም። ቅንጥብጣቢ የሚጠብቁ የሰፈር ውሾች እዚያ ቦታ ይዘዋል፣ የታሰረ ውሻ ሲመጣባቸው ምግባቸውን ሊነጥቅ የመጣ ነው የሚመስላቸው። የታሰረው ደግሞ መሸሽ ስለማይችል ቀድሞ ይናከሳል። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ውሻ ቅጥር ውስጥ አይገባም፣ አለቀ። ከሙስሊም ባለሱቅም ጋር ቢሆን ይህን ማሰብ ጥሩ ነው፤ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱ አንዱን በአፈር እንዲታጠብ የሚያዝ ሃይማኖት ያለው ሰው "ከውጭ ይቆይልኝ" ሲል ንቀት አድርጎ መውሰድ አይገባም።

"ታዲያ ውጭ ላይ አስሬው ልግባ" የሚል ይኖራል። ይህ ከሁሉም የባሰ ነው። የታሰረና ብቻውን የቀረ ውሻ ልጆች ይጎነትሉታል፣ ሌሎች ውሾች ይከቡታል፣ ዘሩ ጥሩ ከሆነም ይሰረቃል። መኪና ውስጥ ዘግቶ መግባትም ሌላው ጣጣ ነው። ውጭ 24 ዲግሪ በሆነ ቀን፣ አዲስ አበባ በበጋ እኩለ ቀን ላይ የምታየው ሙቀት ነው፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 34፣ በ30 ደቂቃ 43 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። መስኮቱን ጣት ያህል ዝቅ ማድረግ ብዙም አይለውጠውም። ሱቅ ውስጥ መግባት ካለብዎት ውሻው ቤት ይቆይ።

ደረጃው ሌላ ነው፤ ፎቅ የሚኖር ሰው ውሻውን ሳያወርድ አይውልም። ሊፍት በሌላቸው ኮንዶሚኒየሞች ሰው ውሃ ተሸክሞ፣ ልጅ አዝሎ ነው የሚወጣው። ውሻው በግድግዳው በኩል፣ ባለቤቱ በመወጣጫው ብረት በኩል፣ ገመዱ አጭር ሆኖ ይወርዳሉ። የእግር ድምፅ ሲሰማ ወደሚቀርበው እጥፋት ደርሶ ቆሞ፣ ውሻውን ወደ ጥግ አዙሮ ቁጭ ማስባል፣ በመካከሉ ራስ መቆም። "እለፉ፣ ይዤዋለሁ" ማለት ጥሩ ነው፤ የሚመጣው ሰው ውሻ እንዳለ ቀድሞ ቢሰማ ይሻለዋል። ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱበትን ሰዓት መተው ያስፈልጋል። ልጅ ሲሮጥ ውሻ ይከተላል፤ ክፋት ኖሮት ሳይሆን የሚሮጥ ነገር መከተል ተፈጥሮው ስለሆነ።

ካፌ በረንዳ ላይ እኔ አልቃወምም፣ ባለቤቱ ከፈቀደ። የሚጠየቀው ግን ከመቀመጥ በፊት ብቻ ሳይሆን ከመግባት በፊት ነው። ጥግ ያለ፣ አስተናጋጅ የማያቋርጥበት ጠረጴዛ ተመርጦ ውሻው በግድግዳው በኩል ይተኛል። ገመዱን በፕላስቲክ ወንበር ላይ ማሰር አደጋ ነው፦ ውሻው ሲነሳ ወንበሩ ይከተለዋል፣ ወንበሩ ሲንኳኳ ይደነግጣል፣ ደንግጦ ሲሮጥ ወንበሩ ከኋላው ያሳድደዋል፤ በዚያ መካከል ቡና የያዘች ሴት ብትቆም ማሰብ ነው። ገመዱ እጅ ላይ ተጠምጥሞ፣ ትርፉ በጫማ ተረግጦ ይያዝ። ውሃ ከራስ ሳህን። ጥብስ መወርወር የለም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደግሞ እንደ ስንጥር እየተሰበረ አንጀት ይወጋል።

ለዚህ ሁሉ ውሻው መሠልጠን አለበት፤ ሥልጠናው የሚጀመረው በቡችላነቱ ነው። ቡችላ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ያየውን ሰው፣ ድምፅና ሽታ እንደ ተራ ነገር ይቀበላል። ያ ጊዜ ግቢ ተዘግቶበት ካለፈ በኋላ ባጃጁም፣ ጃንጥላውም፣ ነጠላ የለበሰው ሰውም ጠላት ይመስለዋል፤ የግቢ ውሾቻችን ሰው ላይ የሚዘሉት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እዚህ ላይ ግን ፓርቮ የሚባል የውሻ በሽታ አለ። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፣ የሰፈር ውሾች በሚጸዳዱበት መሬት ላይ ያልተከተበ ቡችላ ማስረገጥ ደግሞ ለሞት መስጠት ነው። መፍትሔው ማቀፍ ነው። ክትባቱን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጀምሮ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ፣ 16 ሳምንት እስኪሞላው ሲወስድ፣ በዚያው ጊዜ ቡችላውን ታቅፎ ታክሲ ተራው ዳር፣ ገበያው ዳር አሥር ደቂቃ መቆም። መሬት ሳይነካ ዓለምን ያያል።

ካደገ በኋላ ለሚሠለጥነው ርቀት ነው ቁልፉ። ሱቁን እያየ ግን ሳይጨነቅ የሚቆምበት ቦታ ይፈለጋል፣ 20 ሜትር ሊሆን ይችላል። እዚያ ቆሞ ወደ ባለቤቱ ባየ ቁጥር ጥፍር የምታህል የተቀቀለ ሥጋ ይሰጠዋል። ጾም ሆኖ ቤት ሥጋ ከሌለ የተቀቀለ ድንች ወይም ካሮት ይበቃል። ቋንጣ በርበሬና ጨው ስላለው ይቅር። ለቀናት እንዲህ ሆኖ ሲረጋጋ ጥቂት ሜትር ይቀረባል። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ አንድ ቀን ጸጥ ስላለ ብቻ በቀጥታ በሩ ላይ ይወስዱታል፣ ይጮኻል፣ ገመዱን ወጥረው ይቆጡታል። የተወጠረ ገመድ ውሻውን ወደፊት ያስገፋዋል፤ ቁጣውንም ፊት ለፊቱ ከቆመው ሰው ጋር አያይዞ ያስታውሳል። ጭራው ከደረቀ፣ ሳይደክመው ካዛጋ፣ ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ ወይም የዓይኑ ነጭ ከታየ ጨንቆታል፤ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ገመዱ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ይበቃል። በአዝራር የሚረዝመው ዓይነት ለሜዳ እንጂ ለሰፈር መንገድ አይሆንም፤ አምስት ሜትር ርቆ ሲወነጨፍ እጅ ያመልጣል። ትልቅ ውሻ የአፍ መሸፈኛ ቢያደርግ ነውር የለበትም። ግን ቅርጫት የሚመስለው ይሁን፤ አፉን ከፍቶ ማለክለክና ውሃ መጠጣት ይችላል። አፍ ግጥም አድርጎ የሚይዘው የጨርቁ ዓይነት ክሊኒክ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ነው የሚሆነው። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ስለሆነ በዚያ አስሮ ፀሐይ ላይ ማስኬድ ያፍነዋል።

ከቤት የሚወጣ ውሻ የእብድ ውሻ ክትባት በ3 ወሩ ይወስዳል፣ በዓመቱ ይደገማል፣ ከዚያ በየዓመቱ ነው። የክትባት ደብተሩን ፎቶ ስልክ ላይ መያዝ ጥሩ ነው፤ ባለካፌው ቢጠይቅ ማሳየት ይቻላል። አንድ ሰፈር ውስጥ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ሲከተቡ የበሽታው መተላለፍ ይቋረጣል ተብሎ ይታመናል፤ ስለዚህ የጎረቤትን የግቢ ውሻ አብሮ ማስከተብ ለራስ ውሻም መጠበቂያ ነው። የትል መድኃኒትም አለ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ፍሬ ለ10 ኪሎ ክብደት ይሰጣል፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው። በበዓል እርድ ጊዜ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር ልማድ ሆኖብናል። ያ ከረጢት የትል እጭ ነው፤ ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ በእጅ ወይም ባልታጠበ ሰላጣ ወደ ሰው ይመጣና የሰውን ጉበት ውሃ ያስቋጥራል። መቅበር ወይም ማቃጠል ነው ያለበት። የወደቀውን ዓይነ ምድር ወዲያው ማንሳትም የሚጠቅመው ለሽታው ብቻ አይደለም፤ የአንዳንዱ ትል እንቁላል ሰውን የሚይዘው ከ2 እስከ 4 ሳምንት አፈር ላይ ከቆየ በኋላ ነው፣ የሌላው ግን ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ነው።

በሌላ አገር ውሻ ሱቅ ይገባል የሚሉ አሉ። ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ዓይነ ስውር የሚመራ ውሻን ነው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ለእንዲህ ያለ የሠለጠነ ውሻ በር ይከፍታል፣ ለቤት ውሻ አይከፍትም። በአውሮፓም ምግብ በሚዘጋጅበትና በሚከማችበት ክፍል የቤት እንስሳ እንዳይገባ ደንብ አለ። እኛም አገር የሠለጠነ መሪ ውሻ የያዘ ዓይነ ስውር ቢመጣ የትም ቢገባ ደስ ይለኛል።

ውሻ ሰው ከነከሰ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 ኃላፊነቱን በባለቤቱ ላይ ያደርጋል፣ ውሻው አምልጦ ቢሆንም። ከሕጉ በፊት ግን ቁስሉ አለ። በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠባል፤ ቡና፣ በርበሬ፣ ነጭ ጋዝ አይደረግበትም። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ፣ ወይም ሰዉ እስከ ዛሬ "ፓስተር" የሚለው ጉለሌ ያለው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት። ጠበል የሚሄድም ክትባቱን ጀምሮ ይሂድ። ውሻውን በድንጋይ መግደል ትልቅ ስህተት ነው፤ ምርመራው የሚሠራው በአንጎሉ ላይ ስለሆነ ጭንቅላቱ ከተሰባበረ የሚመረመር ነገር አይቀርም። በሕይወት ካለ ለ10 ቀን ታስሮ ይጠበቃል። በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ በነከሰበት ዕለት ምራቁ ቫይረሱ አልነበረበትም ማለት ነው፣ ሐኪሙም የተነካሹን ክትባት ሊያቆመው ይችላል። ባለቤቱ የትራንስፖርቱንና የሕክምናውን ወጪ ይሸፍን፣ በየቀኑ እየደወለ ውሻው ያለበትን ሁኔታ ለተነካሹ ቤተሰብ ይንገር፣ በ10ኛው ቀንም ውሻውን ለእንስሳት ሐኪም አሳይቶ የተጻፈ ማረጋገጫ ይውሰድላቸው።