በላጲስ የጠፋው ቁጥር

ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው። ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሚወስደው የደብረ ዘይት መንገድ ዳር፣ በአንድ የቡና ላኪ መጋዘን ውስጥ የቅምሻ ክፍሉን እመራለሁ። ከደቡብ የሚመጡት ተሳቢ መኪኖች በራችን ሲያልፉ የላቦራቶሪው መስኮት ይንቀጠቀጣል። ክረምት ሲገባ የግቢው ጭቃ ጫማ አያስነሳም። የተቆላ ቡና ሽታ ግን ከጠዋት እስከ ማታ አይለየንም። ሥራዬን እወደዋለሁ።

ፊልምም እወዳለሁ። ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሻይ ሲቀዳ የእኛ ወሬ ፊልም ነው። ሁሉም ቅዳሜና እሁድ ያየውን ይዞ ይመጣል። አንዱ ከዩቲዩብ የአማርኛ ፊልም፣ ሌላው ከቴሌግራም ያወረደውን፣ ሌላዋ በቴሌቪዥን የምትከታተለውን የቱርክ ተከታታይ። ዘጋቢ ፊልም የምንወደው እኔና ሾፌሩ ነን። ታሪኩ ይወራል፤ ከዚያ አንዱ «ከአሥር ስንት?» ይላል። ነጥብ ሳይሰጥ የሚነሳ የለም።

ሾፌሩ «ጤዛ»ን አይቶ የመጣ ሰኞ ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው የኃይሌ ገሪማ ፊልም ነው። ሾፌሩ አሥር ሰጠው። ሂሳብ ሠራተኛዋ «ጊዜው ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲመላለስ ጠፋብኝ» ብላ ስድስት አለች። እኔ «ዘጠኝ!» አልኩ። ክርክሩ እዚያው ቆመ። የቆመው ስለተስማማን መስሎኝ ነበር።

አንድ ሰኞ እኔ «ብላክ ጎልድ»ን ይዤ መጣሁ። ስለ እኛው ቡና የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ታደሰ መስቀላ ለገበሬው የተሻለ ዋጋ ፍለጋ አገር ላገር ሲዞሩ ያሳያል። ዘመኑ የዓለም የቡና ዋጋ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ የወደቀበት ነው። እኔ ፊልሙን ያየሁት ከሳሪስ እስከ መጋዘኑ ታክሲ ውስጥ፣ በስልኬ ነው። ግማሹ ላይ ስደርስ ወራጅ አልኩ።

«አራት» አልኩ ሻዬን እያማሰልኩ። «ያለፈበት ነው። ቡና የሚገበያይበት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከመቋቋሙ በፊት የተሠራ ነው፤ ዛሬ ነገሩ ሌላ ነው።»

ሂሳብ ሠራተኛዋ ፊልሙን አላየችውም። «እንግዲህ አንተ አራት ካልክ» ብላ ተወችው። ሾፌሩ አይቶታል። ትንሽ አሰበና «እኔም አራት ተኩል ልበል» አለ። ከቡናው የተበላሸ ፍሬ የሚለቅሙት ሴቶች አለቃ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ዝም ብለው ነበር። ከዚያ ተነሱና ብርጭቋቸውን አለቅልቀው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ አንድ የይርጋ ጨፌ ናሙና ለቅምሻ ቀረበ። ከመጫኑ በፊት ለገዢው የሚላክ ነው። ቅምሻ ለማያውቅ ሰው አሠራሩን ልንገር። ከአንድ ናሙና አምስት ስኒ እናዘጋጃለን። በእያንዳንዱ ስኒ 8.25 ግራም የተፈጨ ቡና፣ 150 ሚሊ ሊትር ውኃ። የውኃው ሙቀት 93 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። አራት ደቂቃ ያህል ጠብቀን ላዩ ላይ የጋገረውን ቡና በማንኪያ እንሰብራለን፤ አፍንጫችን ስኒው ውስጥ ሊገባ ምንም አይቀረው። ሲበርድልን በማንኪያ እየቀዳን በኃይል እንምገዋለን፣ ከዚያ እንተፋለን። አምስት ስኒ የሚሆነው ያለ ነገር አይደለም። ጥቂት የተበላሹ ፍሬዎች አንዱ ስኒ ውስጥ ቢገቡ፣ የሚያጋልጣቸው ያ ስኒ ብቻ ነው።

ቀማሾቹ ሦስት ነን። ሁላችንም ከመቶ የምንሰጠውን ነጥብ በየፎርማችን በእርሳስ እንጽፋለን። ሁሉም ጽፎ እስኪጨርስ አይወራም፣ ፊትም አይቋጠርም። ይህን ደንብ ለአዲስ ቀማሽ የማስተምረው እኔ ነኝ።

ያን ዕለት ቡናው የአበባ ሽታ ነበረው። ሎሚ ሎሚ ይላል። ሁለት ስኒ እንደቀመስኩ አፌ ቀደመኝ። «ኧረ ይሄ ሰማንያ አምስት ነው!» አልኩ። ሁለቱ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ወደ ፎርማቸው ተመለሱ። ስንደምር የእኔ 85፣ የአንዱ 84.75፣ የትንሿ ቀማሽ 84.5 መጣ። ለሥራ አስኪያጁ «ሦስታችንም ገጠምን» ብዬ በደስታ ነገርኩት። ናሙናው ተላከ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የገዢው መልስ መጣ። ከአምስቱ ስኒ በአንዱ ፌኖል አግኝተውበታል፤ አልተቀበሉትም። ፌኖል የመድኃኒት ሽታ ነው። አንዴ አፍ ውስጥ ከገባ የክሊኒክ ኮሪደር ያስታውሳል። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ስኒ ሲበላሽ ከንጽሕናው ሁለት፣ ከአንድ ዓይነትነቱ ሁለት፣ በጉድለቱ ደግሞ አራት ነጥብ ይወርዳል። 85 የነበረው 77 ይሆናል። ከ80 በታች ከሆነ ስፔሻሊቲ፣ ማለትም ልዩ ጥራት ያለው ቡና፣ አይባልም። የተሸጠው ደግሞ በስፔሻሊቲ ዋጋ ነው። 320 ጆንያ፣ 19.2 ቶን፣ አንድ ሙሉ ኮንቴነር።

ፎርሞቹን ከፋይል አወጣሁ። የራሴን አየሁ፤ ምንም የለበትም። የሁለተኛውንም አየሁ። የትንሿን ቀማሽ ፎርም ሳነሳ ወረቀቱ አንድ ቦታ ላይ ሻከረኝ። ወደ መስኮቱ ይዤው ሄድኩ። ብርሃን ሲያርፍበት ታየኝ። ንጽሕና በሚለው ሳጥን ውስጥ ከ10 ሥር 8 ተጽፎ በላጲስ ጠፍቷል። ታች የጉድለት መጻፊያው ላይ ደግሞ የ4 ቅርጽ አለ። ላጲሱ ቀለሙን አጥፍቶታል፤ እርሳሱ ወረቀቱን የተጫነበት መስመር ግን አልጠፋም።

ጠራኋት። ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት።

«ለምን አጠፋሽው?»

ቶሎ አልመለሰችም። «ጋሼ፣ እርስዎ ሰማንያ አምስት ሲሉ ምላሴ የተሳሳተ መሰለኝ። ሦስተኛው ስኒ ነበር።»

«ደግመሽ አትቀምሺውም ነበር?»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«ደግሜ ባገኘውስ ብዬ።»

የምመልሰው አጣሁ። ልጅቷ ከኮሌጅ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ከሦስታችን ትክክለኛውን ያገኘችው እሷ ነበረች፤ ያስጠፋኋት ደግሞ እኔ። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቼ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ የእሷ ፎርም ላይ ምን እንዳየሁ ጭምር ነገርኩት። የእሷ ስም በጥፋት እንዳይነሳ ለመንኩ። ሰማኝ። «ሥራው ይስተካከል» አለ።

ማስተካከሉ ሦስት ሳምንት ወሰደ። ጆንያዎቹን በሃያ በሃያ ከፈልናቸው፤ አሥራ ስድስት ምድብ ሆኑ። ከእያንዳንዱ ናሙና ወስደን፣ ቆልተን፣ ቀመስን። ፌኖሉ ሁለት ምድብ ውስጥ ተገኘ። አርባ ጆንያ ወጣ። ከቀረው 280 ጆንያ የተላከውን አዲስ ናሙና ገዢው ተቀበለ። በእነዚያ ቀናት እኔ አንድም ቃል ሳልተነፍስ ነው የቀመስኩት።

ናሙናውን ለማድረስ ከሾፌሩ ጋር ስንሄድ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ መንገድ ተዘጋጋ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ያኔ ብላክ ጎልድን ስታነሳ እኔ ስምንት ይዤ ነበር» አለኝ።

«አራት ተኩል አይደል እንዴ ያልከው?»

«የቡናው ሰው አንተ ነህ እኮ። አንተ አራት ካልክ እኔ ማን ነኝ ብዬ ነው።»

መንገዱ እስኪከፈት ድረስ የእማማ ብርጭቆ ከዓይኔ አልጠፋም። ስንመለስ በቀጥታ ወደ መልቀሚያው አዳራሽ ሄድኩ። ሴቶቹ ቡናውን በሚያስኬደው ቀበቶ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ቡናው ይሄዳል፤ ጣታቸው ጥቁሩን፣ የተበሳውን፣ የተሰበረውን እየመረጠ ያወጣል። እማማ ጫፉ ላይ ቆመው ነበር።

«እማማ፣ ያን ዕለት ስለ ፊልሙ ምንም አላሉም። አይተውት ነበር?»

«ልጄ በኮምፒውተር አሳይታኛለች» አሉ። «አንተ ለቃሚዎቹ ጋ ደርሰሃል?»

«አልደረስኩም።»

«እንግዲያ እሱን እይና እናወራለን። እኔ በዚያ ዘመን ሌላ መጋዘን ለቃሚ ነበርኩ። ሴቶቹ ቁጭ ብለው ሲለቅሙ ያሳያል። እጃቸውን ሳይ የራሴን እጅ ያየሁ መሰለኝ።» ከቀበቶው አንድ ጥቁር ፍሬ አንስተው ጣሉ። «ያለፈበት ነው አልክ። ለማን ነው ያለፈው፣ ልጄ?»

ማታ ቤቴ ገብቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ሰባ ስምንት ደቂቃ ነው። ለቃሚዎቹን አየሁ። ገበሬው ዋጋ ሲያጣ የቡና ዛፉን ነቅሎ ጫት ሲተክል አየሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 ካንኩን ላይ የዓለም ንግድ ድርጅት ስብሰባ ያለ ስምምነት ሲበተንም አየሁ። ታክሲ ውስጥ ያላየሁት ግማሽ የፊልሙ ልብ ነበር። አሁንም የማነሳበት ነገር አለ። በገበሬውና በላኪው መካከል ያሉትን ሰብሳቢና አቅራቢ የሚገባቸውን ያህል አላሳየም ባይ ነኝ። ለእኔ ሰባት ነው። ለሾፌሩ ስምንት ነው። እማማ ቁጥር አልሰጡም።

የቅምሻ ክፍሉ አሠራር ተቀየረ። እርሳስና ላጲስ ወጡ፤ በእስክሪብቶ ነው የምንጽፈው። ሐሳቡን የቀየረ ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ይሰርዝበታል እንጂ አያጠፋውም፤ ሁለቱም ይታያሉ። ፎርሙ ተገልብጦ ይቀመጣል። መጀመሪያ የምትናገረው ትንሿ ቀማሽ ናት፣ መጨረሻ እኔ። ሻይ ላይም እንዲሁ ሆነ። አሮጌ የናሙና ካርድ እየቀደድን ወሬ ሳይጀመር ነጥባችንን እንጽፋለን። ከቁጥሩ አጠገብ «ሙሉ» ወይም «ግማሽ» ብሎ ያየውን ያህል መጻፍ ግዴታ ነው። ይህችን ያመጣኋት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሰኞ ተራው የ«ድፍረት» ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት የወሰደው፣ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለችውን ልጅና የተሟገተችላትን ጠበቃ ታሪክ የያዘው ፊልም ነው። በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ሁላችንም ከብዶን ነው የመጣነው። ወረቀቶቹ ተገለበጡ። ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ስምንት፣ አምስት። ሁሉም ላይ «ሙሉ» ተጽፏል።

አምስቷ የትንሿ ቀማሽ ናት። ዘጠኙ የእኔ ነው። ሰውነቴ ወደ ፊት ሲሄድ ታወቀኝና ወንበሬ ላይ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።

«ጠበቃዋን በደንብ አወቅኳት» አለች ወረቀቷን እያየች። «ቢሮዋን፣ ድካሟን፣ ንዴቷን። ልጅቷን ግን ገና ላውቃት ስል ፊልሙ አለቀ። የደረሰው በእሷ ላይ ነው። ከእሷ አፍ የበለጠ መስማት ፈልጌ ነበር።»

ሂሳብ ሠራተኛዋ «እሱስ እውነት ነው፤ ግን ያለ ጠበቃዋ ነገሩ ፍርድ ቤት አይደርስም ነበር» አለች። ሾፌሩም የራሱን አከለ። ልጅቷ ሁለቱንም ሰማች። ወረቀቷን አልነካችም።

ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። እማማ ተነስተው ትኩስ አመጡና ከእሷ ጀምረው ቀዱልን።