ማን ሰራው? እሺ፣ ማን አደረሰልን?

የጠቅላላ እውቀት ጥያቄ ሲባል ሁላችንም የምናውቃት አይነት አለች። ሞናሊዛን የሳለው ማነው? ፍቅር እስከ መቃብርን የደረሰው ማነው? ሃምሌትንስ? ልጁ እጁን ያወጣል፣ ዳ ቪንቺ፣ ሀዲስ ዓለማየሁ፣ ሼክስፒር፣ ጭብጨባ፣ ደብተር ሽልማት፣ አለቀ። ዘንድሮ ክረምት ቱሉ ዲምቱ እኛ ኮንዶሚኒየም ሳይት ላይ ለልጆች የስነ ጽሁፍና የስዕል ጥያቄና መልስ አዘጋጅ ተብዬ (ኮሚናሉ ውስጥ ነው የምናደርገው፣ ለቅሶውም ስብሰባውም ሰርጉም እዛው ነው) ቴሌግራም ላይ ጥያቄ ስለቃቅም ያገኘሁት ሁሉ እንደዚህ ነበር፣ ስም ብቻ፣ «ሀ»ን ከ«ለ» አዛምድ።

እሺ ሞናሊዛን ዳ ቪንቺ ሳላት። ከዛስ? እኔን የሚገርመኝ ከአምስት መቶ አመት በፊት ጣልያን ሀገር የተሳለች ሴትዮ እንዴት ብላ እኛ ሰፈር ጸጉር ቤት ግድግዳ ላይ እንደደረሰች ነው። ስንቱ ስሏል፣ ስንቱ ጽፏል፣ አብዛኛው ጠፍቶ ቀርቷል፣ የተረፈውን ስታዩት ደሞ መሀል ላይ የሆነ ሰው አለ፣ የደበቀ፣ ያነበበ፣ የተሸከመ፣ አንዳንዴም የሰረቀ። ስለዚህ የራሴን ህግ አወጣሁ፣ ማን ሰራው አንድ ነጥብ፣ ማን አደረሰልን ሁለት ነጥብ።

በሞናሊዛ ጀመርን። ስዕሏ ትንሽ ናት፣ 77 በ53 ሳንቲሜትር፣ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ካለ ቲቪ ብዙም አትበልጥም፣ የተሳለችውም ሸራ ላይ ሳይሆን እንጨት ላይ ነው። ድሮም የስዕል ሰዎች ያደንቋት ነበር፣ አለም ሁሉ የሚያውቃት የሆነችው ግን ከተሰረቀች በኋላ ነው። እ.ኤ.አ ኦገስት 21 ቀን 1911፣ ቀኑ ሰኞ ነው፣ የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ዝግ ነው፣ ቪንቼንዞ ፔሩጂያ የሚባል ጣልያናዊ፣ ቀደም ሲል እዛው ሙዚየም ለስዕሎች የመስታወት መከለያ ሲሰራ የነበረ ሰው፣ ከግድግዳው አውርዶ ይዟት ውልቅ! መጥፋቷ እንኳን የታወቀው በማግስቱ ነው። ከዛማ ጋዜጣው በሙሉ ፎቶዋን አወጣ፣ ገጣሚው አፖሊኔር ተጠርጥሮ ታሰረ፣ ፒካሶ ሳይቀር ተጠርቶ ተጠየቀ፣ ሰው ደሞ ተሰልፎ ባዶውን ግድግዳ አየ (ይሄን ስነግራቸው ልጆቹ ወለሉ ላይ ሊንከባለሉ ነበር)። ፔሩጂያ ከሁለት አመት በላይ ደብቋት ቆይቶ በ1913 መጨረሻ ፍሎረንስ ላይ ሊሸጣት ሲል ተያዘ። በኔ ህግ እንግዲህ የሁለት ነጥቡ መልስ ሌባው ነው። አንዳንድ ወላጅ ፊቱን አጨማዶብኛል፣ ምን ላድርግ፣ ታሪኩ እንደዛ ነው።

ቫን ጎህ ላይ ግን የምር ነው የምናገረው። ስሙን የሚያውቅ ሁሉ ጆሮውን መቁረጡንና ደህና ገንዘብ ሳያገኝ መሞቱን ያውቃል፣ ያቺ ሰማዩ የሚሽከረከርባት የሌሊት ስዕልም በ1889 እ.ኤ.አ ፈረንሳይ ውስጥ የአእምሮ ህክምና ላይ እያለ የሳላት ናት፣ አሁን ስልክ ከቨር ላይ ሁሉ አለች። በ1890 በ37 አመቱ ሞተ። ሲደግፈው የኖረው ወንድሙ ቴዎ ስድስት ወር ቆይቶ ተከተለው። በቃ እዚህ ላይ ታሪኩ ማለቅ ነበረበት እኮ! የቀረችው የቴዎ ሚስት ዮሃና ናት፣ የ28 አመት ሴት፣ አመት ያልሞላው ልጅ ያላት፣ ቤት ሙሉ ማንም የማይፈልገው ስዕል የወረሰች። ወደ ሀገሯ ሆላንድ ተመልሳ እንግዳ የሚያርፍበት ቤት ከፍታ ልጇን እያሳደገች፣ ስዕሎቹን ለኤግዚቢሽን እያበደረች፣ የትኛው ይሸጥ የትኛው ይቆይ እያለች እያመዛዘነች፣ የወንድማማቾቹን ደብዳቤ ቁጭ ብላ እያስተካከለች በ1914 አሳተመችው። ሰው ስዕሉን ያየው ደብዳቤውን እያነበበ ነው። ለኔ ዮሃና የሌለችበት የቫን ጎህ ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው፣ ከልጆቹ አንድም ሰምቷት የሚያውቅ አልነበረም፣ ከወላጆቹም።

ካፍካንም በአጭሩ ነካክተነዋል፣ ስሞት የጻፍኩትን ሁሉ አቃጥልልኝ ብሎ ጓደኛውን ማክስ ብሮድን አደራ አለው፣ በ1924 እ.ኤ.አ ሞተ፣ ብሮድ አደራውን በልቶ በአመቱ ማሳተም ጀመረ። አደራ መብላት እንደዚህ የጠቀመበት ጊዜ ሌላ አላውቅም።

ወደ ሀገራችን ስንመጣ ነገሩ ሞቀ። ፍቅር እስከ መቃብር፣ 1958 ዓ.ም፣ ሀዲስ ዓለማየሁ። እሳቸው ራሳቸው ብዙ የሚያስጠይቅ ህይወት ነው ያላቸው፣ ጎጃም ተወልደው፣ በጣልያን ወረራ ተዋግተው፣ ተማርከው ጣልያን ሀገር ደሴት ላይ አመታት ታስረው፣ ከዛ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ሆነው። አንድ ልጅ ይሄን መለሰ፣ አንድ ነጥብ። «ማን አደረሰልን?» ስል ግን ልጆቹ ዝም። ከኋላ ወንበር ላይ የብሎካችን አንድ ጡረተኛ አባት እጃቸውን አወጡ።

«ወጋየሁ ንጋቱ ነዋ!»

«አባባ ውድድሩ የልጆች ነው» ብላቸው

«አንተ ልጅ፣ እኔ መጽሀፉን መቼ አነበብኩትና፣ የሰማሁት ነው። በሬድዮ። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ እኛ ቤት ያለን ሰዎች እንደነግጥ ነበር፣ ጉዱ ካሳ ሲናገር ሌላ ሰው የመጣ ነው የሚመስልህ፣ አንድ ሰው ነው እኮ! በኋላ ልጄ መጽሀፉን ገዝታልኝ ስገልጠው በሱ ድምጽ ነው የማነበው።»

እና እውነታቸውን ነው። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ፊደል ያልቆጠረ ሰው ቤት ሳይቀር የገቡት መጽሀፉን በሬድዮ በተረከው ተዋናይ በወጋየሁ ድምጽ ነው፣ ዛሬም ዩቲዩብ ላይ ሰው እየከፈተ ይተኛል። መጽሀፉን ከሱ ድምጽ ለይቶ የሚያስብ የዛ ዘመን ሰው ፈልጋችሁ አምጡልኝ።

ቀጥሎ የመጣው ደሞ እኔ በግሌ ከሁሉም የምወደው ነው። የማርጋሬት ሚሼል ልብወለድ፣ በ1936 እ.ኤ.አ አሜሪካ የታተመ፣ ስለ እርስ በርስ ጦርነታቸውና ስለ ስካርሌት ኦሃራ የሚያወራው፣ እኛ ጋ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ነው የሚታወቀው። ያደረሰልን ነቢይ መኮንን ነው፣ የት ሆኖ? በደርግ ጊዜ ማእከላዊ እስር ቤት ታስሮ። ወረቀት የለም፣ ስለዚህ የሲጋራ ፓኬት ውስጥ ያለችውን ብልጭልጭ ወረቀት እየዘረጋ እሷ ላይ ተረጎመው፣ ወደ 3000 የምትጠጋ ብጣሽ ወረቀት ነው፣ እየተረጎመ ለእስረኞቹ ያነብላቸዋል፣ የሚፈታ ሰው ደሞ ሲጋራ መስሎ ደብቆ ይዞለት ይወጣል፣ እሱ ራሱ ሲፈታ ከየሰው ቤት እየዞረ ለቃቅሞ አሳተመው። እስቲ አስቡት፣ አንድ ሰው ሲፈተሽ ፈርቶ ቢጥለው መሀሉ ጎዶሎ መጽሀፍ ነበር የምናነበው። ይሄን ጥያቄ የመለሰ ልጅ የለም፣ ግን ስጨርስ «ሲጋራውን እነማን አጨሱት?» ያለኝ አለ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ነጥብ የለውም።

ስዕል ላይ ትንሽ ተቸገርኩ፣ ምክንያቱም መጽሀፍ ሰፈራችን ድረስ ይመጣል፣ አሮጌውን ከለገሃር ገዝተህ ታመጣለህ፣ ፒዲኤፉን ቴሌግራም ላይ ታገኛለህ፣ ስዕል ግን ራስህ መሄድ አለብህ። የአፈወርቅ ተክሌን የአፍሪካ አዳራሽ ባለ ቀለም የመስታወት ስዕል (150 ካሬ ሜትር ነው፣ ብርሀን ሲገባበት የሚናገር፣ አፍሪካ ስላለፈችበትና ስለምትደርስበት የሚያወራ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም ግንቦት የተመሰረተውም እዛው አዳራሽ ነው) በስልክ ስክሪን አሳይቼ «እንዴት ነው?» ስል ልጆቹ «አሪፍ ነው» አሉኝ፣ እንደማለት ያህል። አልፈርድም። የገብረ ክርስቶስ ደስታም እንደዛው ነው፣ ሰአሊም ገጣሚም፣ ሀረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ፣ አሜሪካ ኦክላሆማ በ1981 እ.ኤ.አ የሞተ፣ ጀርመን ቀርተው የነበሩ ስራዎቹ ግን ተመልሰው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስር በስሙ በተከፈተው ሙዚየም ይታያሉ። ከቱሉ ዲምቱ ስድስት ኪሎ ደርሶ መልስ ማለት የታክሲ ሰልፉ ተጨምሮ ግማሽ ቀን ነው፣ ቢሆንም ሳይት ውስጥ ላሉ ወላጆች እያልኩ ያለሁት አንድ አውቶብስ ኮንትራት እንያዝና ልጆቹን እንውሰዳቸው ነው፣ መዋጮው ላይ ገና አልተስማማንም።

መጨረሻ ላይ ኦሮማይን አመጣሁ፣ በደርግ ጊዜ ደርግን የተቸ ልብወለድ። በዓሉ ግርማ፣ 1975 ዓ.ም፣ መጽሀፉ ከገበያ ተለቀመ፣ በ1976 የካቲት ደራሲው ራሱ ከቤት እንደወጣ ቀረ። ማን አደረሰልን? ለዚህ እኔ የያዝኩት መልስ ስም የለውም፣ እጅ በእጅ ያስተላለፉት አንባቢዎች የሚል ነው። አንዷ ልጅ ወዲያው «ስማቸው ካልታወቀ ነጥቡ ለማን ይሰጣል?» ብላ ያዘችኝ። መልስ ሳላዘጋጅ፣ የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው በር ላይ የቆሙ እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ለኔ ስጡኝ፣ በጋዜጣ ሸፍኜ አንብቤ ለጎረቤት ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፣ እስካሁንም አልመለሱልኝም» አሉ። ሁለት ነጥብ ሰጠናቸው፣ የልጅ ልጃቸው ቡድን በአንድ ነጥብ በልጦ አሸነፈ፣ ተሸናፊዎቹ እስካሁን ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ይጨቀጭቁኛል።