የዴንት መንደር ሹራብ ሠሪዎች

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ማለትም በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ስለነበረው የሰሜን እንግሊዝ ኑሮ ሲነሳ ለብዙዎቻችን ፋብሪካና የከሰል ጭስ ቢታየንም፣ እኔን ይበልጥ የሚስበኝ በዮርክሻየር ሸለቆዎች ውስጥ የነበረችው የዴንት መንደር ነች። በዚያ ወንዱም ሴቱም፣ ልጁም አዛውንቱም ከበግ ጠጕር በተፈተለ ክር ካልሲ፣ ጓንትና ቆብ ይሠራ ነበር፤ ገበያ ሲሄድም ሆነ ከብት ሲጠብቅ እጁ አያርፍም።

የፍጥነታቸው ምስጢር ቀኝ ጎን ላይ ቀበቶ ውስጥ የምትሻጥ ትንሽ የእንጨት መያዣ ነበረች። ጫፏ ላይ ባለው ቀዳዳ የአንዱ ሹራብ መሥሪያ መርፌ ጭራ ስለሚገባ መርፌው ተደግፎ ይቆማል፤ ቀኝ እጅም ክሩን ቶሎ ቶሎ ከመጠምጠም በቀር ሌላ ሸክም የለበትም። ጎረምሶች ይህችን መያዣ በቢላ ጠርበው፣ የልብ ቅርጽና የስም ፊደል ቀርጸውባት ለሚወዷት ልጅ ይሰጡ ነበር። በእኔ አስተያየት ከቀለበት ሳትሻል አትቀርም፤ ቀኑን ሙሉ ከወገብ አትለይምና።

በረጅሙ የብርድ ወራት ጎረቤታሞች በየተራ አንዱ ቤት ተሰብስበው በአንድ እሳት ዙሪያ እየሠሩ ያወጉ ስለነበር ማገዶም መብራትም ይቆጠብላቸዋል። በ1785 እ.ኤ.አ. እዚያው የተወለደው የሥነ ምድር ሊቅ አዳም ሴጅዊክ በስተርጅናው ስለ እነዚህ ምሽቶች በናፍቆት ጽፏል።

ከመንደሯ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ 350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተሠራው የባቡር ጣቢያ በ1877 ሲከፈት ግን የፋብሪካ ካልሲ ገበያውን ወስዶት፣ ሙያው በጥቂት አሮጊቶች እጅ ብቻ ቀርቶ ነበር።