ሀልክ ወይስ ሱፐርማን? ጉልበት በቶን ብቻ አይለካም

እኔና ታናሽ ወንድሜ ዓመታት ያስቆጠረ ሙግት አለን። የኮሚክ ጀግኖቹ ሀልክና ሱፐርማን ቢገጥሙ የማን ጉልበት ይበልጣል? እሱ «ሱፐርማን፣ አለቀ» ይላል። እኔ የሀልክ ወገን ነኝ። ባለፈው እሁድ አቦል ላይ የጀመርነው ክርክር በረካ ላይም አልበረደም፤ ስለዚህ እዚህ ልጨርሰው።

ወንድሜ ቁጥር ይዞ ነው የሚመጣው። ቁጥሩ ደግሞ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 መውጣት በጀመረው «ኦል ስታር ሱፐርማን» የተባለ ኮሚክ ላይ ሱፐርማን ጉልበቱ ሲለካ 200 ኩዊንቲሊየን ቶን ያነሳል። 2 ብለህ ከኋላው 20 ዜሮ ትደረድራለህ ማለት ነው። ከጨረቃ ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል ያልፋል።

የሀልክ ትልቁ ሸክም የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1984 በ«ሲክሬት ዎርስ» ኮሚክ አራተኛ እትም ላይ ያለው ነው። ሞለኪዩል ማን የተባለው ክፉ ገጸ ባሕርይ ጀግኖቹ ላይ ተራራ ይጥልባቸዋል፣ ሀልክ ከስር ሆኖ ይሸከመዋል። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው 150 ቢሊዮን ቶን ነው። ሂሳቡን ካሰላነው የሱፐርማን ከአንድ ቢሊዮን ጊዜ በላይ ይበልጣል። በቁጥር ከሆነ ተሸንፌያለሁ።

ግን የቱ ሱፐርማን? እ.ኤ.አ. በ1938 ሲወጣ መብረር እንኳን አይችልም ነበር። 200 ሜትር ያህል ይዘላል፣ ባለ 20 ፎቅ ሕንፃ ያልፋል፤ የመጀመሪያው ሽፋን ላይ ያነሳውም መኪና ነው። ከዚያ ደራሲዎቹ እየጨመሩለት፣ እየጨመሩለት ፕላኔት እስከመግፋት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ ደራሲው ጆን ባይርን ታሪኩን ከመጀመሪያው ሲጽፈው ጉልበቱን ቀነሰበት። ቁጥሩ የዚያን እትም ደራሲ ፍላጎት ነው የሚነግረን። የሀልክ አሳታሚ ማርቭልም ቢሆን ያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባወጣው የገጸ ባሕርያት መመሪያ ሀልክንና ሌላውን ጀግናውን ቶርን «ከ100 ቶን በላይ» በሚል አንድ ምድብ ውስጥ ከትቷቸዋል። 150 ቢሊዮን ቶን የተሸከመውን ሰውዬ!

እ.ኤ.አ. በ1996 ማርቭልና የሱፐርማን አሳታሚ ዲሲ አንድ ላይ ሆነው ሲያጋጥሟቸው ያሸነፈው ሱፐርማን ነበር። ወንድሜ ይቺን ሁልጊዜ ያነሳታል። ውጤቱን የወሰነው ግን የአንባቢ ድምፅ ነው፤ ማን የበለጠ እንደሚወደድ እንጂ ማን የበለጠ እንደሚያነሳ አያሳይም።

ስለዚህ እኔ የማየው ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ ነው። ሱፐርማን ጉልበቱን ከፀሐይ ያገኛል፣ ሞልቶ ይመጣል። የሀልክ በንዴት ነው የሚጨምረው፤ በተናደደ ቁጥር ይጠነክራል፣ ጣሪያ የለውም። ተራራው ስር ሆኖ ሲዝል አብሮት የነበረው ጀግና ሪድ ሪቻርድስ ምን እንዳደረገ ታስታውሳላችሁ? አልለመነውም፣ አላበረታታውም። ሰደበው! ሆን ብሎ እያናደደው፣ ሸክሙ እንዳይወድቅ አደረገ። እኔ ሀልክን የወደድኩት እዚያ ጋ ነው፤ ክብደቱ ሲጨምር ጉልበቱም አብሮ የሚነሳ ሌላ ጀግና አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ከሁለቱም በላይ ልቤን የነካው የስፓይደርማን ነው። መመሪያው የሚሰጠው 10 ቶን ብቻ ነው፤ ከነሀልክ ጋር ተራ የሚገባ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 በወጣው የ«አሜዚንግ ስፓይደርማን» 33ኛ እትም ላይ ትልቅ የብረት ማሽን ተጭኖት ተኝቷል። ውኃ ከላይ ይንጠባጠባል። አክስቱን ሜይን የሚያድናት መድኃኒት ከፊቱ አለ፣ እጁ ግን አይደርስም። ይሞክራል፣ አይሆንም። እንደገና ይሞክራል። ሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ ማሽኑ ከፍ ባለ ቁጥር ሥዕሉን እያሰፋው ይሄድና በመጨረሻ ሙሉ ገጽ ይሰጠዋል፤ እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ እስካሁን ትንፋሼን እይዛለሁ። ይሄ በእኛ ቋንቋ እልህ ነው። ስንት ቶን እንደሆነ ታሪኩ ውስጥ አልተጻፈም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ወንድሜ እነዚያን ገጾች አላያቸውም። እሁድ ሲመጣ ከቡናው በፊት አስነብበዋለሁ።